በሸራ ጀልባ ላይ ዚንክ ስለ ብረት ሲበላ

እ.ኤ.አ. በ1761 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እንጨት ከሚበሳው የባሕር ትል ለመዳን፣ «አላርም» የተባለችውን የጦር መርከብ ከውኃ በታች ያለውን አካል በስስ መዳብ ለበጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመረመር ብዙዎቹ የብረት ሚስማሮች ተበልተው አልቀዋል። ደኅና ሆነው የተገኙት፣ መዳቡ የተጠቀለለበት ቡናማ ወረቀት ሳይነሣ ቀርቶ ከመዳቡ የጋረዳቸው ነበሩ።

ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው። ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እንደ መዳብና ብረት ያሉ ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው በውስጡ ሲቆዩ ባትሪ ይሆናሉ፤ ኤሌክትሮን ሰጪው እየሟሟ ያልቃል፣ ተቀባዩ ይድናል።

እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1824 ይህንኑ ጉዳት ወደ መድኃኒት ለወጠው። ከመዳቡ ጋር ዚንክ ወይም ብረት ሲያያዝ፣ የተያያዘው እየተበላ መዳቡ ሳይነካ ቆየ። ሐሳቡ ልክ ነበር፤ እንቅፋቱ ሌላ ነበር። መዳብ የባሕር አረምንና ዛጎል ለበስ እንስሳትን የሚያርቀው እየሟሟ በሚለቀው መርዝ ነውና፣ መሟሟቱ ሲቆም የመርከቦቹ ግርጌ በአረም ተሸፈነ፤ ፍጥነታቸውም ቀነሰ። ባሕር ኃይሉ ዘዴውን ተወው። ዴቪን ግን እንደ ተሸናፊ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የቤታችን ክዳን ቆርቆሮ እንኳ ቢጫር ቶሎ የማይዝገው፣ የተለበጠበት ዚንክ በብረቱ ፈንታ ስለሚበላ ነው።

በዛሬ የሸራ ጀልባ፣ በሞተር እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋው ፕሮፔለር አብዛኛውን ጊዜ ነሐስ፣ የሚያሽከረክረው ዘንግ የማይዝግ ብረት ነው። በዘንጉ ላይ እንደ አንገትጌ የሚታሰረውን ዚንክ ባለሙያዎች «መሥዋዕት አኖድ» ይሉታል፤ ከዚህ የተሻለ ስም ሊወጣለት አይችልም። ለጨው ውኃ ዚንክ ወይም የአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ጨው ለሌለው ሐይቅ ማግኒዚየም ይመረጣል። ግማሹ ሲበላ ይለወጣል። ወራት አልፈውት ምንም ያልተበላ አኖድ ሊያስደስት አይገባም፤ ከዘንጉ ጋር በደንብ አልተነካካም ይሆናል፣ ወይም ቀለም ተቀብቶበታል።

ጀልባው ወደብ ላይ ቆሞ ከየብስ ኤሌክትሪክ ሲወስድ፣ በመሬት ሽቦው በኩል ከጎረቤት ጀልባዎች ጋር ይያያዛል። ያን ጊዜ የአንዱ ዚንክ የሌላውን ብረት ሲጠብቅ ከጊዜው ቀድሞ ያልቃል። በሽቦው ላይ የሚገጠም ጋልቫኒክ አይሶሌተር የተባለ መሣሪያ ደካማውን የኤሌክትሪክ ጅረት ያግዳል፤ በብልሽት ጊዜ የሚመጣውን ኃይለኛ ጅረት ግን ያሳልፋል። ለዚንኩ ሲባል ሽቦውን ራሱን መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም፤ በጀልባው ላይ ያለውን ሰው ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚጠብቀው እሱ ነውና።