የበልግ ሰማይ በሐዋሳ፦ በአንድ ሳምንት የሰማኋቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መጋቢት 30ን በያዘው ሳምንት የሐዋሳ ሰማይ አንዱ ቀን ከሌላው አልገጠመም። ሰኞ አናት የሚበሳ ፀሐይ ዋለ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ረቡዕ በረዶ ጣለ። ሐሙስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ፤ ዓርብ ሌሊቱን ሲያጉረመርም አደረ፤ ቅዳሜ ካፊያ፣ እሑድ እንደገና ፀሐይ።

አቶቴ ባለው ግቢያችን ውስጥ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ አለኝ። ከዛፍና ከቆርቆሮ ክዳን አርቄ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ አስደግፌዋለሁ። በየጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ማስመሪያ አስገብቼ የውሃውን ቁመት አይና እደፋዋለሁ። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። የዚያን ሳምንት ልኬት በጻፍኩበት ደብተር ዳር ላይ ሰዎች ስለ ሰማዩ ሲሉ የሰማሁትንም አብሬ ጽፌዋለሁ። በባጃጅ ውስጥ፣ በቡና ላይ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የተባለ ነው። አብዛኛው ማንንም አይጎዳም። ስለ መብረቅ የሚባለው ግን ሰው ያስገድላል፤ ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

“ጸደይ እኮ የአደይ አበባ ወር ነው”

ጸደይ ሲባል ብዙዎቻችን ዕንቁጣጣሽንና አደይ አበባን ነው የምናስበው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው፤ የአበባው ወቅት፣ ዘመነ ጽጌም የሚገባው ያኔ ነው። ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ ይሆናል። ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ሲሆን እስከ ሰኔ 25 ይቆያል፤ ከዚያ እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ዓመቱን በጋ፣ በልግ፣ ክረምት ብሎ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ በልግ የሚለውም ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ነው። ስለዚህ ይህ የማወራው ሳምንት በአንዱ አቆጣጠር የጸደይ መግቢያ፣ በሌላው የበልግ እኩሌታ ነው። በሁለቱም ቢሆን መስከረም አይደለም።

“ክረምቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ”

ማክሰኞ ዶፉ እንዳባራ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ያለው ነው። ዶፍ ስላየን ክረምት ነው ማለት አይደለም። የበልግ ዝናብና የክረምት ዝናብ የሚመጡበት መንገድ የተለያየ ነው።

ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትጓዝ ልክ በአናታችን ላይ የምታልፈው መጋቢት 30 አካባቢ ነው። ያን ሰሞን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ግቢ ውስጥ አንድ እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ጥላው ሥሩ ላይ ተሰብስቦ ይጠፋል። እኔ የመጥረጊያ እጀታ አቁሜ የጎረቤት ልጆች ከበውት ጥላውን ሲፈልጉ ነበር። በምድር ወገብ አካባቢ ዓለምን የሚዞረው የዝናብ ደመና መስመር፣ የዝናብ ቀበቶው፣ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ በዚህ ጊዜ እርጥበቱ በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ይገባል። አገባቡ ግን የተቆራረጠ ነው፤ ሦስት ቀን አዝንቦ አንድ ሳምንት ይጠፋል። በክረምት ግን ቀበቶው ወደ ሰሜን ርቆ ይቆማል፤ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከአትላንቲክ በኮንጎ ተፋሰስ በኩል የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ሳይቋረጥ ለወራት ይነፍሳል።

በነገራችን ላይ በልግን “ትንሹ ዝናብ” ማለትም ለሁሉም አገር አይሠራም። ለቦረናና ለሶማሌ ቆላዎች ዋናው ዝናባቸው ይኸው የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ነው። እሱ ከቀረ ከብት ያልቃል።

“ዝናባችንን የሚያመጣው ሐይቁ ነው”

ደመና ከሐይቁ ማዶ ሲነሣ ስለምናይ እንዲህ ማሰባችን አይገርምም። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀን ቀን ከሐይቁ ወደ ከተማው፣ ሌሊት ደግሞ ከየብሱ ወደ ሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ ደመናው የት እንደሚሰባሰብ ይወስናል እንጂ የዝናቡ ውሃ ምንጭ ሐይቁ አይደለም። እንዲያውም ከሐይቁ ላይ በዓመት ተንኖ የሚሄደው ውሃ ከሰማይ በቀጥታ ከሚወርድበት ይበልጣል። ጉድለቱን የሚሞሉለት ጥቁር ውኃ ወንዝና ከዙሪያው ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ናቸው።

“ጠዋት ፀሐይ ከወጣ ቀኑን አይዘንብም”

በበልግ ብዙ ጊዜ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አየሩ እርጥበት አዝሎ ሳለ የጠዋቱ ፀሐይ መሬቱን ያግለዋል፤ የጋለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ 5 ሰዓት ላይ እንደ ተነደፈ ጥጥ ነጭ የነበረው ደመና 8 ሰዓት ላይ ሥሩ ይጠቁራል። ጃንጥላ ቤት ጥዬ የወጣሁባቸውና ውሃ ሆኜ የተመለስኩባቸው ቀናት አብዛኞቹ ጠዋታቸው የጠራ ነበር። ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ወበቅ ካለ ከፀሐዩ ይልቅ ወበቁን እመኑ።

ቅዳሜ ፀሐይ እየበራ ካፊያ ሲጥል ልጆቹ እንደ ልማዳቸው “ጅብ ወለደች” እያሉ ይሮጡ ነበር። ይህን ለማረም አልተነሣሁም። ደመናው የተነጣጠለ ስለሆነ ከአንዱ ሥር ካፊያ እየወረደ ፀሐይ በጎን ታበራለች፤ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ብትመለከቱ የማርያም መቀነትን ታያላችሁ።

“የአየር ትንበያ ውሸት ነው”

ማክሰኞ የእኔ ጣሳ 31 ሚሊ ሜትር ያዘ። ዳቶ የሚኖረው የሥራ ባልደረባዬ እንደ እኔ ጣሳ አስቀምጧል፤ የእሱ 4 ብቻ ነበር። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ከሰዓት። ትንበያው “በአንዳንድ ቦታዎች ነጎድጓዳማ ዝናብ ይኖራል” ብሎ ነበር፤ እኔ ተነበየ አልኩ፣ ዳቶ ያሉት ዋሸ አሉ። አንድ የነጎድጓድ ደመና ብዙ ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይሸፍናል፤ ዕድሜውም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የትኛው ሰፈር ላይ እንደሚወርድ ከዋዜማው ቆርጦ መናገር አይቻልም።

የወቅት ትንበያውም እንዲሁ ነው የሚነበበው። ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ተብሎ ለእያንዳንዱ ዕድል ይሰጠዋል። “ከመደበኛ በላይ 45 ከመቶ” ከተባለ 55 ከመቶው ለሌሎቹ ሁለቱ ተትቷል ማለት ነው። ዘሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመዝራት የሚያበቃ ማረጋገጫ አይደለም።

“በረዶ የሚጥለው ሲበርድ ነው”

ረቡዕ በረዶው የወረደው በሳምንቱ ውስጥ ሙቀት ከከበደባቸው ቀናት በአንዱ ነው። ሽምብራ የሚያህሉ ነበሩ፤ ከቆርቆሮው ላይ እየነጠሩ ደጃፉ ላይ ተከመሩ። አንዱን አንስቼ በቢላዋ ስከፍለው መሐሉ እንደ ወተት ነጭ፣ ዙሪያው እንደ መስታወት የጠራ፣ ከዚያ ደግሞ ስስ ነጭ ሽፋን ነበረው። እያንዳንዱ ሽፋን በረዶው ደመናው ውስጥ ያሳለፈው ጉዞ ነው። ከታች የሚገፋው የጋለ አየር ጠብታውን ውሃ ወደሚበርድበት ከፍታ ይዞት ይወጣል፤ እዚያ ሌላ ውሃ እየለበሰ ይወፍራል፤ አየሩ መሸከም ሲያቅተው ይጥለዋል። የሚገፋው አየር የሚበረታው መሬቱ ሲግል ነው። ብርዱ የሚሰማን በረዶውና ዝናቡ ከደመናው ይዘውት ከሚወርዱት አየር ነው።

ያ ቀዝቃዛ አየር ከዝናቡ ቀድሞ መድረሱ ለዓሣ አጥማጆች ትልቅ ነገር ነው። አሞራ ገደል አንድ አዛውንት አጥማጅ “ነፋሱ ፊቴን ቀዝቀዝ ካደረገኝ መረቡን ትቼ እቀዝፋለሁ፣ ልጄ” አሉኝ። ትክክል ናቸው።

“መብረቅ ቀይ ይወዳል”

ማክሰኞ ዶፉ የያዘኝ ሐይቁ ዳር ነው። ስድስት የምንሆን ሰዎች አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተጠጋን። ብልጭ ሲል አንዲት እናት አጠገባቸው የቆመችውን ልጅ “ቀዩን ሻርፕ አውልቂው፣ ይስብብናል” ብለው ተቆጧት። ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከብልጭታው በኋላ ስቆጥር ነጎድጓዱ በስድስተኛው ሴኮንድ ደረሰ። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ገደማ ስለሚፈጅበት መብረቁ የወረደው ከእኛ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። “እትዬ፣ ሻርፑ አይደለም፤ ዛፉ ነው። እንውጣ” አልኩ። “በዚህ ዝናብ?” አሉኝ። እየበሰበስን ሮጠን ካፌ ውስጥ ገባን።

መብረቅ ቀለም አይለይም። የሚመርጠው ከፍ ያለና ብቻውን የቆመ ነገር ነው፤ ሜዳ ላይ ዛፍ፣ ሐይቅ ላይ ጀልባና የቆመ ሰው። ዛፍ ሲመታ ፍሰቱ ከግንዱ ወደተጠጋው ሰው ይዘላል፤ በሥሩም በኩል በመሬት ይሰራጫል። አንድ ዛፍ ሥር ብዙ ከብት ባንዴ የሚሞተው ለዚህ ነው፤ የፊትና የኋላ እግራቸው ስለሚራራቅ በመሬት የሚሄደው ፍሰት በሰውነታቸው ያልፋል።

መስታወት መሸፈንም ከምንም አያድንም። ሞባይል እጃችሁ ላይ ስላለ መብረቅ አይስብም፤ አደጋው ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ስታወሩ ነው፤ መብረቅ በመስመሩ ሊገባ ይችላል። ባጃጅ ደግሞ መጠለያ አይደለም። መኪና የሚያድነው በጎማው ሳይሆን ፍሰቱ በዙሪያው ባለው የብረት አካል ተጉዞ ወደ መሬት ስለሚወርድ ነው፤ ባጃጅ ሸራና ክፍት ጎን ነው። ከብልጭታ እስከ ነጎድጓድ ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ቤት ግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። ዝናቡ አባርቷል ብሎ ወዲያው ወደ ጀልባ መመለስ አደገኛ ነው፤ መብረቅ ዝናብ ከሚጥልበት ቦታ 10 ኪሎ ሜትር ርቆም ይወርዳልና።

ከሁሉ የከፋው ካፌው ውስጥ የሰማሁት ነው። “የተመታን ሰው አትንኩት፤ ያስይዛል። አፈር አልብሱት፣ ይስብለታል” አሉ። በመብረቅ የተመታ ሰው አካል ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ ወዲያው መንካት ይቻላል። የሚሞተው ልቡና ትንፋሹ ስለሚቆም ነው። አፈር በሚቆፈርባቸው ደቂቃዎች ደረቱን መጫን ይገባ ነበር፦ ሁለት እጅ አነባብሮ ደረቱ መሐል ላይ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር እስኪሰምጥ፣ እርዳታ እስኪደርስ። ብዙ ሰው ከተመታ ደግሞ መጀመሪያ የሚረዳው ትንፋሹ የቆመው ነው፤ የሚጮኸውና የሚያቃስተው በሕይወት አለ። እኚያ እናት ይህን ሲሰሙ “አንድ ዘመዴን እንደዚያ ቀብረነው ነበር” አሉና ዝም አሉ። ምን እንደምላቸው ጠፋኝ።

“ዝናብ መታኝና ጉንፋን ያዘኝ፣ ፀሐይ መታኝና ምች”

ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ ነው፤ በዝናብ ቀን መስኮት ዘግተን ስንታፈግ ይዛመታል። ስለ ምች የሚባለው ግን ግማሹ እውነት ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ከሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ አንዴ ከገባ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ጠንካራ ፀሐይና ትኩሳት ደግሞ ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ “ፀሐይ ቀሰቀሰብኝ” የሚል ሰው ልክ ነው። ዳማከሴ ጨምቆ መቀባት ያጽናና ይሆናል፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ሕፃን መሳም ግን ተዉት።

“ዝናብ ከዘነበ ለገበሬ ደግ ነው”

ለበቆሎ ብዙ ጊዜ ደግ ነው። ለቡና ግን የዝናቡ ቀን ይቆጠራል። የቡና እንቡጥ በደረቁ ወራት ተኝቶ ይቆያል፤ ጥሩ ዝናብ ሲያገኝ ይነቃና ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ይፈነዳል። አበባው ከሁለት ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። በእነዚያ ቀናት ዶፍ ወይም በረዶ ከወረደበት ይረግፋል፤ ዝናቡ ቶሎ ከጠፋ ደግሞ የያዘው ፍሬ ይደርቃል።

አለታ ወንዶ ያለችው አክስቴ ማሳ ላይም ማክሰኞ ማታ ዘንቦ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ደወለችልኝ። “ማሳው ነጭ ሆኗል፤ ሽታው ቤት ድረስ ገብቷል” አለችኝ፤ ቀጥላም በእናንተ በኩል ሰማዩ እንዴት ነው ስትል ጠየቀችኝ። ወጥቼ አየሁ። ታቦር ተራራ ላይ ደመና አልነበረም፤ ነፋሱም ደረቅ ነበር። ይህንኑ ነገርኳት።