ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ የሚጠብቁት ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች

ስለ በሽታ መከላከል ሲወራ ሁሌ የምንሰማው “አቅምን ማጠናከር” የሚለውን ነው። ዝንጅብሉም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ማሩም የሚመከረው ለዚሁ ነው። ነገር ግን የመከላከያ ሥርዓታችን ማጥቃትን ብቻ ሳይሆን ማቆምንም ማወቅ አለበት። ማቆም ካቃተው ቆሽትን፣ አንጀትን፣ ቆዳን፣ መገጣጠሚያን ያጠቃል። ፍሬን የሚይዙለት በዋናነት ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ናቸው። ሊታወሱ የሚገባቸውን ያህል የማይወራላቸው ይመስለኛል።

ቲ ሴል ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ነው። መነሻው መቅኔ ነው። የሚያድገው ግን ከደረት አጥንት ጀርባ ባለች ታይመስ በምትባል እጢ ውስጥ ነው። እዚያ ፈተና ይጠብቀዋል። የገዛ አካሉን እንደ ጠላት የሚያይ ሴል አብዛኛውን ጊዜ እዚያው እንዲሞት ይደረጋል። ማጣሪያው ግን ቀዳዳ አለው። በማንኛውም ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ አምልጠው የወጡ፣ የገዛ አካልን ሊያጠቁ የሚችሉ ቲ ሴሎች ይዞራሉ። ታዲያ ሁላችንም ለምን አንታመምም?

መልሱ የተጀመረው ከጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኒሺዙካና ሳካኩራ የተባሉ ተመራማሪዎች ገና በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ከአይጥ ግልገሎች ታይመስን ቆርጠው አወጡ። ቲ ሴል የሚያሳድገው እጢ ከጠፋ መከላከያው ይዳከማል ብሎ መጠበቅ ያባት ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። የሴቶቹ አይጦች የእንቁላል እጢ ጠፋ። ቀዶ ጥገናው በሰባተኛው ቀን ሲደረግ ደግሞ ምንም አልሆኑም። በኋላ እንደታወቀው አጥቂዎቹ ሴሎች ቀደም ብለው ከታይመስ ይወጣሉ። ተቆጣጣሪዎቹ ዘግየት ይላሉ። በሦስተኛው ቀን እጢው ሲወጣ አጥቂዎቹ ያለ ተቆጣጣሪ ቀሩ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ገርሾንና ካዙናሪ ኮንዶ አንዳንድ ቲ ሴሎች የሌሎችን ምላሽ እንደሚያፍኑ አሳዩ። “አፋኝ ቲ ሴሎች” ተባሉ። በ1970ዎቹ ብዙ ቤተ ሙከራ ተረባረበበት። መለያቸው ነው የተባለ አይ-ጄ የሚሉት ሞለኪውልም ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዲኤንኤው ሲመረመር ግን ጂኑ አለ በተባለበት ቦታ የለም። ነገሩ ሁሉ ውሃ በላው። ከዚያ በኋላ “አፋኝ ሴል” ብሎ የሚያወራ ተመራማሪ ጆሮ አላገኘም። የሚያሳዝነው መሠረታዊው ሐሳብ ልክ መሆኑ ነው።

ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺሞን ሳካጉቺ ግን አልተወውም። ከጤነኛ አይጥ የወሰደውን ቲ ሴል ታይመስ ለወጣላቸው አይጦች ሲሰጥ ከበሽታው ዳኑ። ስለዚህ ከሴሎቹ መሀል አዳኝ አለ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀበት። በ1995 መለያውን አሳተመ። ሲዲ 4 የሚባለውን ምልክት ከያዙት ቲ ሴሎች ውስጥ ከአምስት እስከ አሥር በመቶ የሚሆኑት ላያቸው ላይ ሲዲ 25 የተባለ ፕሮቲን አላቸው። እነሱን ቀንሶ የቀሩትን ቲ ሴል ለሌላቸው አይጦች ሲሰጥ አይጦቹ በገዛ መከላከያቸው ይጠቃሉ። መልሶ ሲጨምራቸው ይድናሉ።

ሁለተኛው ፍንጭ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1940ዎቹ በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ ቆዳቸው እየተፈረፈረ፣ ጣፊያቸውና ንፍፊታቸው አብጦ በጥቂት ሳምንታት የሚሞቱ ወንድ አይጦች ተወልደው ነበር። ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስደል ምክንያቱን ፍለጋ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ሃያ ያህል ጂኖችን አንድ በአንድ ፈተሹ። የተበላሸው የመጨረሻው ሆኖ ተገኘ። ፎክስፒ 3 አሉት። በ2001 ይኸው ጂን ሲበላሽ በሰው ልጅም ላይ አይፔክስ የሚባል ከባድ በሽታ እንደሚያመጣ ታወቀ። ሕፃናት ወንዶች ገና በጨቅላነታቸው የስኳር በሽታ፣ የማያቆም ተቅማጥና ችፌ ይይዛቸዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ፎክስፒ 3 የተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ዋና አዛዥ ጂን መሆኑ ተረጋገጠ። ሳካጉቺ፣ ብራንኮውና ራምስደል በ2025 የኖቤል ሽልማት በሕክምና ዘርፍ ተጋሩ።

ሴሎቹ የሚሠሩበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ ምግብ መሻማት ነው። ሲዲ 25 የኢንተርሉኪን 2 ተቀባይ አካል ነው። አጥቂ ቲ ሴሎች ለመራባት ይህን ኬሚካል ይፈልጋሉ። ተቆጣጣሪዎቹ ቀድመው ይወስዱባቸዋል። ሌላው ይበልጥ ይገርማል። ዴንድራይቲክ የሚባሉት ሴሎች የጀርም ቁራጭ ለቲ ሴል ሲያሳዩ፣ አብረው ሲዲ 80 እና ሲዲ 86 የተባሉ ፕሮቲኖችን ካላቀረቡ ጥቃቱ በደንብ አይነሳም። ተቆጣጣሪው ሴል ሲቲኤልኤ 4 በሚባል ሞለኪውሉ እነዚህን ሁለቱን ከዴንድራይቲክ ሴሉ ላይ ነቅሎ ወደ ውስጡ ይውጣቸዋል። በዚያ ላይ ኢንተርሉኪን 10 እና ቲጂኤፍ ቤታ የተባሉ አብራጅ ኬሚካሎችን ይረጫል።

ሁሉም ከታይመስ አይወጡም። ተራ ቲ ሴል አንጀት ውስጥ ወደ ተቆጣጣሪነት ሊለወጥ ይችላል። የአንጀት ባክቴሪያዎች ከአሰር የሚሠሩት ቡቲሬት የተባለ አሲድ ይህን ያግዛል። ምግብንና ጠቃሚ ባክቴሪያን ሳንዋጋ አብረን የምንኖረው በከፊል በእነሱ ነው። እርግዝናም ላይ እናት ከአባት የመጣውን የፅንሱን ግማሽ እንድትቀበል ይረዳሉ።

ኢንፌክሽን ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በ2002 ያስሚን በልካይድና ባልደረቦቿ ሌይሽማንያ ሜጀር በተባለው ጥገኛ ተሕዋስ የተያዙ አይጦችን አጠኑ። በአገራችን ደጋ ቁንጭር የሚያመጣው የእሱ ዘመድ ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ጥቂት ተሕዋሲያን ቆዳ ውስጥ ይቀራሉ። እንዲቆዩ የሚያደርጓቸው ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ናቸው። ይህ ጉዳት ብቻ ይመስላል። ተሕዋሱ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ግን አይጦቹ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይያዙ የነበራቸውን መከላከያ አጡ።

ካንሰር ላይ ደግሞ ሴሎቹ ለታማሚው አይበጁም። ብዙ የካንሰር እጢዎች በተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ተከበው ከጥቃት ያመልጣሉ። በ2011 አሜሪካ ውስጥ ለቆዳ ካንሰር የተፈቀደው ኢፒሊሙማብ ሲቲኤልኤ 4ን ይዘጋል። ጥቃቱን ይለቀዋል። ብዙ ታማሚዎች ላይ የሚታየው የአንጀትና የቆዳ መቆጣትም የዚሁ ውጤት ነው።

የንቅለ ተከላና ራስን የማጥቃት በሽታዎች ሐኪሞች የሚፈልጉት ተቃራኒውን ነው። የታማሚውን ተቆጣጣሪ ሴሎች ከደሙ ለይቶ፣ ውጭ አብዝቶ መልሶ መስጠት በተለያዩ አገሮች በሰው ላይ እየተሞከረ ነው። በጥቂት መጠን ኢንተርሉኪን 2 ሰጥቶ እዚያው ሰውነት ውስጥ ማብዛትም እንዲሁ። አስቸጋሪው ነገር ሴሎቹ ደም ውስጥ ጥቂት መሆናቸው ነው። አንዳንዶቹም በብግነት መሀል ፎክስፒ 3ን ያጡና ራሳቸው አጥቂ ሊሆኑ ይችላሉ።