«ማን ያየኛል?» ሰው መሀል ስልክ ስንከፍት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ የሚሄድ ሚኒባስ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራት ሰው ተጠጋግቷል። አራቱም ስልክ ከፍተዋል። አንዱ ፌስቡክ ያያል። አንዷ ለእህቷ ብር ትልካለች። አንዱ የኩርፊያ ሜሴጅ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል። ሁሉም ቤቱ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

ስለ ኢንተርኔት ደህንነት ሲወራ ሐሳባችን ቶሎ የሚሮጠው ወደ ሃከር ነው። ሃከሩ ሩቅ ነው። ትከሻችሁን ተደግፎ የተቀመጠው ሰው ግን ቅርብ ነው። እስቲ በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግመን የምንላቸውን ነገሮች እንይ።

«የሰው ስልክ አጮልቆ የሚያየው ሌባ ነው»

በአብዛኛው አይደለም። የሚያየው የሰለቸው ሰው ነው። በጀርመን የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 174 ሰዎችን ስለዚሁ ጉዳይ ጠይቀዋል፤ ያዩትንም፣ የታየባቸውንም። መልሱ ለታክሲ ተሳፋሪ አዲስ አይደለም። ነገሩ በብዛት የሚሆነው በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል፣ በሕዝብ ትራንስፖርት ውስጥ ነው። ሰው የሚያየው ጓጉቶ ወይም ደብሮት እንጂ ተንኮል አስቦ እምብዛም አልነበረም። የታየበት ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነገሩን አላወቀም።

ይሄ ያጽናናል ትሉ ይሆናል። እኔን አያጽናናኝም። ሌባ የሚፈልገው ፒን ነው። የሰለቸ ሰው ግን ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ የላብራቶሪ ውጤታችሁንም፣ ከባለቤታችሁ ጋር የተጨቃጨቃችሁትንም። አዲስ አበባ ደግሞ ትልቅ ትመስላለች እንጂ ለወሬ ጠባብ ናት። ጎናችሁ ያለው ሰው የአክስታችሁ የእድር ሰው ሊሆን ይችላል።

«ፒን ስጽፍ የሚታየው ኮከብ ነው»

አፕ ላይ እውነት ነው። በ*127# ወደ ቴሌብር ወይም በ*847# ወደ ሲቢኢ ብር ስትገቡ ግን የጻፋችሁት ቁጥር በብዙ ስልኮች ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። በእነዚህ የኮድ ሜኑዎች ውስጥ ስልኩ «1» ብላችሁ ሜኑ እየመረጣችሁ ይሁን የሚስጥር ቁጥር እያስገባችሁ ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ አይሸፍነውም። ዳታ ሲያልቅ ወይም በተራ ሞባይል ብር ሲላክ ደግሞ መንገዱ ይሄው ነው። በዚያ ሰዓት ቢያንስ ስልኩን ወደ ደረት ማስጠጋት ነውር የለውም። (ትልልቅ ሰዎች ፒናቸውን ለሱቁ ልጅ ጮክ ብለው ነግረው «ላክልኝ» የሚሉትን ነገርማ ባላነሳው ይሻላል።)

አንድሮይድ ላይ ሌላም አለ። ፓስወርድ ስትጽፉ የመጨረሻዋ ፊደል ለቅጽበት ብልጭ ትላለች። ሴቲንግ ውስጥ ፓስወርድ አሳይ የሚለውን ማጥፋት ይቻላል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ስልክ መክፈቻው ፓተርን ነው። በጣት እየተሰመረ የሚከፈተው ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ሰዎች ስልክ ሲከፈት የሚያሳይ ቪዲዮ አንድ ጊዜ ብቻ አዩ። ስድስት ነጥብ ያለውን ፓተርን ከሙከራዎቹ በ64.2 በመቶው በትክክል ደገሙት። ባለ ስድስት አሃዝ ፒን ሲሆን የተሳካው 10.8 በመቶ ብቻ ነው። ጣት ሲሄድ የሚከተለው መስመር እንዳይታይ ሲደረግ ፓተርኑ ወደ 35.3 በመቶ ወረደ። ስለዚህ ፓተርን የምትወዱ ሰዎች መስመሩን ከሴቲንግ አጥፉት። የበለጠው ግን ስድስት አሃዝ ፒን ማድረግና ሰው መሀል በጣት አሻራ መክፈት ነው።

«መክፈሌን ለማሳየት ሜሴጁን ማሳየት አለብኝ»

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በየቀኑ የሚያጋጥመን ነገር ነው።

ካፌ በላችሁ፣ በሞባይል ከፈላችሁ። አስተናጋጇ «ሜሴጁን ላንሳው» ብላ የራሷን ስልክ ታወጣለች። እናንተም ስክሪናችሁን ታዞራላችሁ። ፎቶው ላይ የቀረው የከፈላችሁት ብር ብቻ አይደለም። ብዙ የባንክ ሜሴጆች ሙሉ ስማችሁን ይጠሩና መጨረሻ ላይ የቀረ ሂሳባችሁን ይነግራሉ። ሁለት ማኪያቶ የከፈለ ሰው ደመወዙ ምን ያህል እንደተረፈ ለማያውቃት ልጅ አስረክቦ ይወጣል ማለት ነው። ፎቶው ደግሞ ስልኳ ውስጥ ይቀራል። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ወደ ቴሌግራም ግሩፕ የሚላክበትም ቦታ አለ።

ነጋዴውን አልፈርድበትም። በሐሰተኛ ሜሴጅና በተቀነባበረ ስክሪንሾት የተበላ ብዙ ነው። ግን የእናንተ ሜሴጅ ለእሱም ዋስትና አይሆነውም። እንዲያውም ሊቀነባበር የሚችለው ሜሴጁ ነው። ለነጋዴው ማረጋገጫ የሚሆነው በራሱ ስልክ የሚደርሰው ሜሴጅና የግብይት ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን አንብቡለት። ወይም ስም፣ ብርና የግብይት ቁጥር ያለበትን የአፕ ደረሰኝ ክፈቱና ቀሪ ሂሳብ እንደሌለበት አይታችሁ አሳዩት። የግድ ሜሴጁን ካለ፣ የታችኛውን መስመር በአውራ ጣት መሸፈን ይቻላል። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። እስካሁን የተቆጣኝ የለም።

በነገራችን ላይ ይሄው ሜሴጅ ስልኩ ተቆልፎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦም ይገባል። ደመወዝ የገባ ቀን ከሥራ ባልደረቦች ጋር ምሳ እየበላችሁ ስክሪኑ በራሱ ይበራል። አይፎን ላይ የኖቲፊኬሽን ቅድመ እይታ ስልኩ ሲከፈት ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። አንድሮይድም ሚስጥራዊ ይዘትን ከተቆለፈ ስክሪን ላይ የሚደብቅ ምርጫ አለው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይሄን አድርጉ።

«ኢንኮግኒቶ ስለከፈትኩ ማንም አያይም»

ኢንኮግኒቶ ክሮም ላይ ከመጣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራው አንድ ነው፤ መስኮቱን ስትዘጉ የገባችሁባቸውን ገጾች ታሪክ ከዚያው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ማጥፋት። ጎናችሁ ያለው ሰው ያያል። የቢሮው ኔትወርክ የትኛው ድረ ገጽ እንደገባችሁ ማወቅ ይችላል። የምትገቡበት ድረ ገጽም ያውቃል። የክሮም ባለቤት ጉግል ራሱ ሰው ኢንኮግኒቶ ውስጥ ሳለ መረጃ ይሰበስባል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ተከሶ፣ በ2024 የተሰበሰበውን በቢሊዮን የሚቆጠር መረጃ ለማጥፋት ተስማምቷል። ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ፎርም ስትሞሉ ግን በእርግጥ ይጠቅማል፤ መስኮቱን መዝጋት ካልረሳችሁ።

እዚያው የኮምፒውተር ቤት ስንነሳ ታቡን ዘግተን የመውጣት ልማድ አለን። ታብ መዝጋት ሎግ አውት ማድረግ አይደለም። ረስታችሁት ከወጣችሁ አትመለሱ። ቴሌግራም ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን፣ ዋትሳፕ ውስጥ ደግሞ «ሊንክድ ዲቫይስ» የሚለውን ከስልካችሁ ክፈቱና የማታውቁትን አስወጡ።

«የካፌ ዋይፋይ ከተጠቀምኩ ያለቀልኝ ነው»

እዚህ ጋ ፍርሃታችን በዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ፋየርሺፕ የሚባል የፋየርፎክስ ተጨማሪ ወጥቶ ነበር። ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ማንም ሰው የጎረቤቱን የፌስቡክ አካውንት በአንድ ክሊክ እንዲገባበት ያደርግ ነበር። ያኔ ፍርሃቱ ልክ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ድረ ገጽና አፕ የሚላከውን ነገር ቆልፎ ነው የሚልከው። ዋይፋዩን የሚቆጣጠር ሰው የገባችሁበትን ድረ ገጽ ስም ሊያይ ይችላል፤ የጻፋችሁትን ግን አያነብም። ብሮውዘራችሁ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ቀይ ካበራ ግን አትለፉት። ዋይፋዩ ላይ እንዲህ የምንሰጋ ሰዎች ጀርባችንን ለበሩ ሰጥተን ላፕቶፕ መክፈታችን ነው የሚገርመኝ።

«ፕራይቬሲ ስክሪን ለጥፌያለሁ»

ጥሩ ነው፤ ግን አሠራሩን እወቁት። ውስጡ እንደ መጋረጃ የተደረደሩ በጣም ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አሉ። ፊት ለፊት ላለ ሰው ብርሃኑ ያልፋል። በጎን፣ በአብዛኛው ከ30 ዲግሪ በላይ ዘወር ላለ ሰው ይጠቁራል። ስለዚህ ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ይከለክላል። ትከሻችሁ ላይ ቆሞ የሚያየውን፣ አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ ዘንግ ይዞ የተንጠለጠለውን፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ግን አይከለክልም። ሌላም አለ። ቪዲዮ ለማየት ስልኩን ወደ ጎን ስታጋድሙት መስመሮቹም አብረው ይጋደማሉ። ያኔ ጎረቤታችሁ አብሯችሁ ይመለከታል።

«እዚህ አገር ፊደላችንን ማን ያነበዋል?»

ይሄ የውጭ አገር ኗሪዎች አባባል ነው። ዋሽንግተን ሜትሮ ውስጥ ተቀምጦ በአማርኛ ስለ አለቃው፣ ስለ ወረቀቱ ጉዳይ፣ ስለ ፍቺው የሚጽፍ አለ። ብዙ የአገራችን ሰው የሚኖርባቸው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አጠገቡ ባሉበት ከተማ! ጎኑ ያለችው ነርስ ጎንደር ተወልዳ ሊሆን ይችላል። ቴል አቪቭ አውቶቡስ ውስጥም፣ ዱባይም እንዲሁ ነው።

«አንድ ፎቶ እንዲያይ ነው የሰጠሁት»

የሰው ስልክ ተቀብሎ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ማሳለፍ ነውር ነው። ይሄ ክርክር የለውም። የተሰጣችሁን ፎቶ አይታችሁ «ያምራል» ብላችሁ መልሱ። ሰጪው ደግሞ አንድሮይድ ከያዘ አፑን ስክሪኑ ላይ ማሰር («ፒን» ማድረግ የሚባለውን) ይችላል። ይሄ ከጋለሪው እንዳይወጣ ያደርጋል እንጂ ቀጣዩን ፎቶ አይከለክልም። አይፎን ላይ ያለው ጋይድድ አክሰስ ንክኪን ጭምር ማጥፋት ስለሚችል ይሻላል። ከሁሉም የሚቀለው ግን ስልኩን ከእጅ ሳይለቁ ማሳየት ነው።

«ሰው ፊት ከከፈተው የሁሉም ነው»

አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ደግሞ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣትን ይከለክላል። ታክሲ ውስጥ ዓይኑን የጣለ ሁሉ ይከሰሳል ማለቴ አይደለም። የሰውን ቻት ከጎን ፎቶ አንስቶ «ጉድ እዩ» ብሎ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ግን ቀልድ አይደለም።

ዓይን መቼም ይሄዳል። ሄዶ ካየ፣ ይመለስ። ያነበባችሁት ላይ አስተያየት አትስጡ፤ «አትመኛት፣ ተዋት» ማለት ቀርቶ ፈገግም አትበሉ። የታየባችሁ እናንተ ከሆናችሁ ስልኩን ዘወር ማድረግ ይበቃል፤ ከገባው ይገባዋል።

ድምፅም አለ። በቮይስ የተላከላችሁን መልእክት በስፒከር ስትከፍቱ የምትገልጡት የራሳችሁን ብቻ አይደለም። ልጅቷ ለእናንተ ነው ያለቀሰችው እንጂ ለሙሉ ታክሲ አይደለም። ቪዲዮ ኮል ደግሞ የባሰ ነው። ካሜራው ከኋላ የተቀመጡትን ሁሉ ይዞ ሪያድ ያለችው እህታችሁ ጋ ይደርሳል። መደወሉ የግድ ከሆነ ኢርፎን አድርጉና ካሜራውን አጥፉ። ካልሆነ «ስወርድ እደውላለሁ» በሏት።