ስለ «ሄልፕ» ድራማ የሚባለውና እውነታው

«ሄልፕ» እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዙ ቻነል 4 የታየ ድራማ ነው። የጻፈው ጃክ ቶርን ሲሆን ጆዲ ኮመርና ስቲቨን ግራም ይተውኑበታል። ሣራ ሊቨርፑል ውስጥ ባለ ኬር ሆም፣ ማለትም ራሳቸውን መንከባከብ ያቃታቸው ሰዎች በሚኖሩበት ቤት፣ ሥራ ትጀምራለች። ገና ሥራውን ለመድኩ ስትል ኮሮና ይመጣል። ቶኒ እዚያ ከሚኖሩት ሰዎች አንዱ ነው፣ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ አለበት። ድራማውን ካዩ ሰዎች ጋር ባወራሁ ቁጥር የምሰማው ተመሳሳይ ነገር ነው። የሚገርመው፣ ሰው አላምንም የሚለው ለእውነት የቀረበውን ክፍል ነው።

«ያ ሌሊት ተጋኗል። እንዴት አንድ ሰው ብቻውን ያድራል?»

በዚያ ሌሊት ካሜራው ከ20 ደቂቃ በላይ ሳይቆረጥ ሣራን እየተከተለ ከክፍል ክፍል ይሄዳል። የሚያግዛት ባልደረባ የለም። አንድ ነዋሪ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለድንገተኛ እርዳታ ትደውላለች፣ ጠብቂ ትባላለች። ደግማ ትደውላለች፣ የሚመጣ የለም። ሰውየውን በሆዱ ማስተኛት አለባት። እንዲህ ሲተኛ በጀርባ በኩል ያለው የሳንባ ክፍል የተሻለ አየር ያገኛል። ግን አቅም ያጣ ትልቅ ሰው ብቻን ሆኖ መገልበጥ ቀልድ አይደለም። የታመመ ያገላበጠ ያውቀዋል። ስለዚህ ሄዳ ቶኒን ትቀሰቅሰዋለች።

ቤቱም ሣራም ፈጠራ ናቸው። የዚያ ሌሊት ዓይነት ሁኔታ ግን በ2020 ጸደይ ነበር። ሠራተኛው ይታመማል ወይም ራሱን ለይቶ ቤቱ ይቀመጣል። ምርመራ እንደልብ አይገኝም። የድንገተኛ ስልኩ ይጨናነቃል። በእርግጥ ፈጠራ የሚመስለኝ ሁለተኛው አጋማሽ ነው። ሣራ ቶኒን ይዛ ትጠፋለች። እሱን ግን ብዙ ሰው ዝም ብሎ ተቀበለው።

«ቫይረሱን ኬር ሆም ያስገቡት ሠራተኞቹ ናቸው»

ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ያሳስታል። ሆስፒታሎች አልጋ እንዲያስለቅቁ ተብለው ነበር። የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት እንዳለው፣ ከማርች 17 እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 2020 ባለው ጊዜ 25,000 ያህል ሰዎች ከሆስፒታል ወደ ኬር ሆም ተልከዋል። ሁሉም ከመላካቸው በፊት ይመርመሩ የተባለው መጨረሻ ላይ ነው። አባቶቻቸው የሞቱባቸው ሁለት ሴቶች መንግሥትን ከሰሱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በኤፕሪል 2022 አሠራሩ ሕጋዊ አልነበረም አለ። ምልክት የማያሳይ ሰው ሊያስይዝ እንደሚችል በቅጡ አልታሰበበትም ነው ያለው።

«እንግዲያው ሁሉንም ያመጣው ሆስፒታል ነው» ማለትም አያስኬድም። ኋላ የወጡ ጥናቶች በአብዛኛው የገባው ከውጭ ከሚመላለሰው ሰው ጋር እንደሆነ ያሳያሉ፣ ሠራተኛውን ጨምሮ። ሠራተኛው ለምን ታሞ ሥራ ይገባል? በኤጀንሲ የሚቀጠረው ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ቤት ይሠራል። ቢታመም ብዙው የሚያገኘው በሕግ የተቀመጠውን ዝቅተኛ የሕመም ክፍያ ነው። ያኔ በሳምንት 95.85 ፓውንድ ነበር። የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም። «ምነው ቤቷ ብትቀመጥ» የሚል ሰው ይህን ቁጥር አንዴ ይመልከተው።

«ቶኒ ለአልዛይመር ወጣት ነው»

በሽታው በብዛት ሽማግሌ ላይ ይምጣ እንጂ ከ65 ዓመት በታችም ይይዛል። በአርባዎቹ ዕድሜ የሚይዘውም አለ። ኬር ሆም ሲባልም የአረጋውያን መጦሪያ ብቻ አይደለም።

«ፈረንጅ አገር ለሁሉም መንግሥት ይከፍላል»

ይህን ከእኛ ሰው ነው የምሰማው። እንግሊዝ ውስጥ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ንብረት ያለው በአብዛኛው ከራሱ ኪስ ነው የሚከፍለው። ለዚህ ብለው ቤታቸውን የሚሸጡ አሉ።

«ወላጁን ኬር ሆም ያስገባ ጣለው ማለት ነው»

ይህም የእኛው ነው። ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው ተብለን አድገናል፣ ስለዚህ ድራማውን ስናይ መጀመሪያ «ልጆቻቸው የት አሉ?» እንላለን። ብዙ ሰው ግን ኬር ሆም የሚገባው ቤተሰቡ አቅቶት ነው። አልዛይመር የያዘው ሰው ሌሊት ተነስቶ በር ይከፍታል። ምድጃ ለኩሶ ይረሳል። የገዛ ልጁን «አንቺ ማነሽ?» ይላታል። እሷ ጠዋት ሥራ ትገባለች። አገር ቤት ቢሆን ጎረቤት አለ፣ የቤት ሠራተኛ አለች፣ አክስት አለች። እዚያ እሷ ብቻ ናት።

ደግሞ ከዘመዶቻችን መካከል ለንደንም ዋሽንግተንም «ኬር ነው የምሠራው» የሚል አይጠፋም። የሰው እናት አጥቦ፣ አጉርሶ፣ ከዚያ ለራሱ እናት ብር ይልካል። እሱን ማንም እናቱን ጣለ አይለውም።

በ2020 ጸደይ ደግሞ ልጆቹ ልምጣ ቢሉም የሚያስገባቸው አልነበረም። ውጭ ቆመው በመስኮት አዩ። መምጣት ያልቻለው በስልክ ተሰናበተ። ስልኩን የሚሞተው ሰው ጆሮ ላይ ይዛ የቆመችው፣ ስሙን ካወቀች ገና ጥቂት ወር የሆናት ሠራተኛ ነበረች።