የሊግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ፦ ደጋፊው የሚለው እና እውነታው

አንድ ትልቅ ሊግ አዲስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሊሾም ነው ሲባል ስልኬ አያርፍም። «አሁንስ ቫር ይቀርልን ይሆን?» ይላል አንዱ፤ የቪዲዮ ዳኝነቱን ማለቱ ነው። «ነጥባችንን ይመልስልን» ይላል ሌላው። «ኳስ ነክቶ የማያውቅ ሰው ምን ሊያደርግ ነው የሚመጣው?» የሚለው ግን ምንም ዓይነት ሰው ቢሾም አይቀርም። እኔም ድሮ እንደዚሁ ነበር የማስበው። አሁን መልስ መስጠት ስለደከመኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

አብዛኛው ምሳሌዬ ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው እሱን ነው፤ የሹመት ታሪኩም ድራማ አያጣም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዋና ሥራ አስፈጻሚው የሊጉ አለቃ ነው»

ተቀጣሪ ነው። ፕሪሚየር ሊግ በሕግ ፊት ኩባንያ ነው፤ ባለአክሲዮኖቹም በዚያ የውድድር ዘመን የሚጫወቱት 20 ክለቦች ናቸው። ለእያንዳንዱ አንድ አክሲዮን፣ አንድ ድምፅ። የወረደ ክለብ አክሲዮኑን ላደገው ያስረክባል። ሻምፒዮኑም፣ ላለመውረድ የሚፍጨረጨረውም ድምፃቸው እኩል ነው። ደንብ ለመቀየር 14 ድምፅ ያስፈልጋል። ሥራ አስፈጻሚው ስብሰባው ላይ ሐሳብ ያቀርባል፣ ያግባባል፣ አንዳንዴም ይለምናል። ድምፅ ግን የለውም።

ለሁለት ጌታ መገዛት አይቻልም ይባላል። ይህ ሰው 20 ጌታ ነው ያለው፤ ያውም እንደ እናት ሆድ ዥንጉርጉር። አንዱ ሐሳቡ ሁሉ የአውሮፓ ዋንጫ ነው። ሌላው 17ኛ ሆኖ ከመውረድ ካመለጠ ፌሽታ ነው። የአንዱ ባለቤት የአሜሪካ ባለሀብት ነው፣ የሌላው የአንድ አገር መንግሥት ሀብት የሚያስተዳድር ተቋም ነው። ከእነዚህ መካከል 14ቱን በአንድ ሐሳብ ማስማማት ነው ሥራው።

ሪቻርድ ስኩዳሞርን እንውሰድ። ከ1999 እስከ 2018 ሊጉን የመራ፣ በዘመኑ በእንግሊዝ እግር ኳስ ከማንም በላይ ይፈራ የነበረ ሰው ነው። በ2008 አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ክለቦች ከ38ቱ ጨዋታ ሌላ 39ኛ ጨዋታ ከእንግሊዝ ውጭ ያድርጉ አለ። ክለቦቹ እንኳ መጀመሪያ ላይ ይጠና ብለው ነበር። ደጋፊው ተነሳ፣ ፊፋም ተቃወመ፣ ሐሳቡ ተቀበረ። ያ ሁሉ ጉልበት የነበረው ሰው አንድ ጨዋታ መጨመር አልቻለም።

የአምስት ተቀያሪ ነገርም አለ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት አምስት ተጫዋች መቀየር ተፈቀደ። ስፔንም፣ ጀርመንም፣ ጣሊያንም ቀጠሉበት። የእንግሊዝ ክለቦች ግን ለቀጣዩ ዘመን ደግመው ደጋግመው ድምፅ ሰጥተው ጣሉት። ትናንሾቹ ክለቦች «ይህ የሚጠቅመው ወፍራም ተጠባባቂ ወንበር ላለው ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። አምስቱ ቅያሪ የተመለሰው በ2022–23 ነው። በእነዚያ ዓመታት አሠልጣኞች ማይክ በተደገነላቸው ቁጥር ሊጉን ይወቅሱ ነበር። ሊጉ ማለት ግን የገዛ አሠሪዎቻቸው ነበሩ።

አለቃ ነኝ ብሎ ያሰበ ሥራ አስፈጻሚ ምን እንደሚገጥመው ለማየት ወደ ፒተር ሊቨር መመለስ ነው። ከስኩዳሞር በፊት የነበረው እሱ ነው። እሱና የሊጉ ሊቀመንበር ሰር ጆን ኩዊንተን ከሁለት የቀድሞ የቴሌቪዥን ኩባንያ ኃላፊዎች ጋር የአማካሪነት ውል ፈረሙ፤ ክለቦቹን ግን አላማከሩም። ክለቦቹ ነገሩን ሲሰሙ ቤቱ ተናጋ። በ1999 ሁለቱም ሄዱ።

«የሚሾመው ፊፋ ነው፤ ካልሆነም ፌዴሬሽኑ»

ይህን አጭር ላድርገው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ አንድ ልዩ አክሲዮን አለው፤ በአንዳንድ ትልልቅ ጉዳዮች ላይ እምቢ ማለት ያስችለዋል። ፊፋ ከቅጥሩ ውስጥ የለበትም። ሰው የሚፈልጉት፣ የሚያነጋግሩትና የሚቀጥሩት ክለቦቹና የሊጉ ቦርድ ናቸው። ስፔን ውስጥ ወንበሩ የፕሬዚዳንት ነው፤ ሃቪየር ቴባስ ከ2013 ጀምሮ የተቀመጠበት በክለቦች ምርጫ ነው። የአሜሪካው ኤምኤልኤስ ደግሞ ኮሚሽነር ይለዋል፤ እዚያ ሊጉ ራሱ አንድ ድርጅት ሆኖ የተጫዋቾችን ውል ሳይቀር የሚይዝ ስለሆነ ወንበሩ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ የአንዱን አገር አሠራር ይዞ የሌላውን መተቸት አያዋጣም።

«ኳስ ተጫዋች የነበረ ሰው መሆን አለበት»

ለምን? አሰላለፍ አያወጣ፣ ተጫዋች አያስፈርም። ቀኑን የሚያሳልፈው በውል፣ በቴሌቪዥን መብት፣ በፍርድ ቤት ወረቀትና በፖለቲከኛ ስልክ ነው። በ1992 የተጀመረው ፕሪሚየር ሊግ የመጀመሪያ ሥራ አስፈጻሚው ሪክ ፓሪ የሒሳብ ባለሙያ ነበር። ቴባስ የሕግ ሰው ነው። ዶን ጋርበር በ1999 ኤምኤልኤስን ሊመራ የመጣው ከአሜሪካን ፉትቦሉ ኤንኤፍኤል ነው፤ ያ ደግሞ ኳሱም ሌላ ነው።

የተጫወተ የለም ማለቴ አይደለም። በ2021 መጀመሪያ የእንግሊዝን የታችኛዎቹን ሦስት ዲቪዚዮኖች ሊግ ሊመራ የገባው ትሬቨር በርች በወጣትነቱ የሊቨርፑል ተጫዋች ነበር። ወንበሩን ያስገኘለት ግን ያ አይመስለኝም። ኳሱን ትቶ ሒሳብ አጥንቶ፣ ኪሳራ ውስጥ የገቡ ክለቦችን ሲታደግ የኖረ ሰው ነው። ወረርሽኙ ካዝና ባራገፈበት ጊዜ የሚፈለገው እንዲህ ያለው ነበር።

የተቃራኒው ስህተትም አለ። «ትልቅ ነጋዴ አምጡና ሁሉም ይስተካከላል» የሚለው። ጀርመኖች ይህን ሞክረዋል። ክርስቲያን ዛይፈርት ከ2005 ጀምሮ ቡንደስሊጋውን ከመራ በኋላ በእሱ ቦታ በ2022 መጀመሪያ ዶናታ ሆፕፈን ተተካች። ከሚዲያና ከዲጂታል ንግድ ዓለም የመጣች፣ ወንበሩን የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ዓመቱ ሳያልቅ ተለያዩ። ከዚያ የሁለት ክለቦች ኃላፊዎች በጊዜያዊነት ያዙት። በ2023 የተሾሙት ማርክ ሌንትስና ሽቴፈን ሜርክል ግን ከውጭ የመጡ አይደሉም፤ እዚያው ሊጉ ቢሮ ውስጥ ሲሠሩ የቆዩ ናቸው። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ዋጋው የሚታየው እንግዳ ከተሞከረ በኋላ ነው መሰለኝ።

«እንዲህ ያለ ሥራ ተሰጥቶት እምቢ የሚል የለም»

አለ። ያውም ቀጠሮ ከያዘ በኋላ።

ስኩዳሞር በጁን 2018 እለቃለሁ አለ። ክለቦቹ በቼልሲው ሊቀመንበር ብሩስ በክ የሚመራ ኮሚቴ አቋቁመው ሰው ፍለጋ ገቡ። በኖቬምበር ተገኘች ተባለ። ሱዛና ዲኔጅ፣ የአኒማል ፕላኔት ቴሌቪዥን ኃላፊ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሐሳቧን ቀየረች፤ አልመጣም አለች። ድንኳን ተጥሎ ሙሽራዋ ከመንገድ ተመለሰች ማለት ይኸው ነው።

ፍለጋው እንደገና ተጀመረ። ወራት ሄዱ። በኦክቶበር 2019 ደግሞ የጋርዲያን ጋዜጣ ኩባንያ ኃላፊ ዴቪድ ፔምሰል ተሾመ። ሁለት ወር አልሞላም። ስለ ግል ሕይወቱ ጋዜጣ ላይ የወጣ ውንጀላ ተከተለና ሥራውን ሳይጀምር ለቀቀ። የዓለም ሀብታሙ የእግር ኳስ ሊግ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰው ሾሞ አንዱም ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቢሮውን ይዞ የነበረው ማን ነው? ሪቻርድ ማስተርስ። ከ2006 ጀምሮ እዚያው የሚሠራ ሰው ነው። ስኩዳሞር ከሄደ በኋላ «ለጊዜው ያዝልን» ተባለ። እንግዶቹ ሲመጡና ሲቀሩ እሱ ስብሰባውን ይመራ፣ ውሉን ይፈራረም ነበር። በዲሴምበር 2019 ክለቦቹ ወደ እሱ ዞረው «እንግዲያው አንተ ሁን» አሉት። ስለዚህ «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ሰውየውን መናቅ ጥሩ አይደለም። ሹመቱ በጸደቀ በሦስት ወሩ፣ በማርች 2020፣ ኮሮና መጥቶ ሊጉ ተዘጋ። እስከ ጁን 17 ኳስ አልተንቀሳቀሰችም። ማስተርስን አንዳንዴ የምተቸው ሰው ነኝ፤ ለእነዚያ ወራት ግን አልቀናበትም።

«ገንዘቡን የሚያመጣው እሱ ነው»

በከፊል። ስኩዳሞር በ2015 የእንግሊዝን ውስጥ የቴሌቪዥን መብት ለሦስት ዓመት በ5.136 ቢሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ ጠንቋይ ነው ተባለ። ያለፈው ውል 3 ቢሊዮን አካባቢ ነበርና ጭማሪው 70 በመቶ ነው። ጥንቆላው ግን ብዙ አይደለም። መብቱ የሚሸጠው በታሸገ ኤንቨሎፕ ነው። ስካይ የሚባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ ለዓመታት ያለ ብርቱ ተቀናቃኝ ከቆየ በኋላ ቢቲ የሚባል የስልክ ኩባንያ ገበያው ውስጥ ገባ። ሁለቱ እርስ በርስ ተፈራርተው ዋጋ ሰቀሉ።

በ2017 መጨረሻ ስካይና ቢቲ አንዱ የሌላውን ቻናል ለደንበኞቹ እንዲያቀርብ ተስማሙ። ፍርሃቱ በረደ። በ2018 ጨረታ ዋጋው ወረደ። ሻጩ ያው ስኩዳሞር ነበር፤ የተቀየረው የገዢዎቹ ልብ ነው።

ታዲያ ሥራ አስፈጻሚው ምን ይሠራል? ጨዋታዎቹን በጥቅል በጥቅል ይከፋፍላል። ስንቱ ቅዳሜ፣ ስንቱ እሑድ፣ ስንቱ በሥራ ቀን ይሁን የሚለውን ያሰላል። ገንዘቡ ከገባ በኋላ ደግሞ ትልልቆቹ «ሰው የሚያየው እኛን ነው፣ ይጨመርልን» ሲሉ፣ ትንንሾቹ «እኛ ባንኖር ከማን ጋር ትጫወታላችሁ» ሲሉ መሐል ቆሞ ያስታርቃል። ይህኛው ከሽያጩ ይከብዳል።

ክለቦቹ ራሳቸው ግን ስኩዳሞር ነው ያመጣው ብለው ያምኑ ነበር። ሲሰናበት 5 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሰጡት ወሰኑ፤ ለ20 ሲካፈል በክለብ 250 ሺህ። የደጋፊ ማኅበራት ተንጫጩ። ከምክንያቶቹ አንዱ ለተፎካካሪ ሄዶ እንዳይሠራ ማሰር ነበር፤ በቢዝነስ ዓለም የተለመደ ነገር ነው። የቲኬት ዋጋ አማርሮት ለሚገባ ሰው ግን ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። እኔም አልሞክርም።

«ዳኛውና ቫር በእሱ እጅ ናቸው»

አይደሉም። የጨዋታ ሕግ የሚያወጣው ኢፋብ የሚባለው አካል ነው። ስምንት ድምፅ አለው፤ አራቱ የፊፋ፣ አራቱ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ። ሕግ ለመቀየር ስድስት ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ዳኞችን የሚመድበው ደግሞ ራሱን የቻለ የዳኞች ድርጅት ነው። ሊጉ ከእግር ኳስ ማኅበሩና ከታችኛው ሊግ ጋር ሆኖ ገንዘብ ያዋጣበታል፤ ቅዳሜ ማን ያፏጫል የሚለውን ግን ሥራ አስፈጻሚው አይወስንም።

ቫርስ? እሱን ያስገቡት ክለቦቹ ናቸው። በ2024 ዎልቭስ የሚባለው ክለብ ይነሳ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ድምፅ ተሰጠ፤ 19 ለ1። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ቫርን ያልረገመ አሠልጣኝ ፈልጌ አላገኘሁም ነበር። ድምፅ ሲሰጥ የዎልቭስ እጅ ብቻዋን ቀረች።

«ነጥብ የቀነሰብን እሱ ነው»

ይሄኛው ስሜት ያለበት ስለሆነ በጥንቃቄ ልናገር። በኖቬምበር 2023 ኤቨርተን ከተፈቀደው በላይ ከስሯል ተብሎ 10 ነጥብ ተቀነሰበት። ደንቡ በዚያን ጊዜ በሦስት ዓመት እስከ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ ይፈቅድ ነበር፤ ኤቨርተን በ19.5 ሚሊዮን አለፈ። የፈረደው ገለልተኛ ኮሚሽን ነው። ይግባኝ ተባለ፤ ቅጣቱ በፌብሩዋሪ 2024 ወደ 6 ወረደ። ያንንም የወሰነ ሌላ ጉባኤ እንጂ የማስተርስ ቢሮ አይደለም።

ነገር ግን ሊጉ ንጹሕ ተመልካች ነው ማለትም አይቻልም። ከሳሹ እሱ ነው። ቅጣቱ በምን ቀመር ይሰላ የሚል የራሱን ሐሳብ ሳይቀር ይዞ ቀርቧል፤ ኮሚሽኑ በዚያ ቀመር አልታሰርም አለ እንጂ። ዐቃቤ ሕግን ዳኛ ነው ማለት ስህተት ነው፣ ምንም የለበትም ማለትም ስህተት ነው። ደንቡን መጀመሪያ ያጸደቁት ደግሞ ክለቦቹ ናቸው።

ከፍርዱ በኋላ በጊዜው የክለቡ ሜዳ በነበረው በጉዲሰን ፓርክ በተደረገው ጨዋታ የኤቨርተን ደጋፊዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሮዝ ካርዶች ከፍ አድርገው ያዙ። «ሙሰኛ» የሚል ተጽፎበታል። የኮሚሽኑ አባላት ስም የለበትም፣ ደንቡን ያጸደቁት ክለቦች ስምም የለበትም። ከጽሑፉ ጋር የታተመው የሊጉ አርማ፣ ያ ዘውድ የደፋው አንበሳ ነበር።