በአፍላ ወጣቶች ሕክምና ምስጢር መጠበቅ ምንድን ነው?

አንድ ታዳጊ ለጤና ባለሙያ የነገረው፣ በምርመራ የተገኘበት፣ የታዘዘለት መድኃኒት፣ ወደ ጤና ተቋሙ መምጣቱ ራሱ ሳይቀር ያለ ፈቃዱ ለሌላ ሰው እንዳይደርስ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ "ሌላ ሰው" ወላጅንም ይጨምራል፤ ነገሩን ከአዋቂዎች ሕክምና የሚያከብደውም ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አፍላ ወጣት የሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ስለሆነ፣ ለ11 ዓመት ልጅና ለ18 ዓመት ወጣት አያያዙ አንድ ሊሆን አይችልም።

ብዙ ጊዜ ከግላዊነት ጋር ይምታታል። ግላዊነት የቦታ ጉዳይ ነው፦ በሩ መዘጋቱ፣ መጋረጃው መጋረዱ። ምስጢር መጠበቅ ግን መረጃው ከክፍሉ ከወጣ በኋላም ይቀጥላል። በር ተዘግቶ የተነገረ ነገር ማታ ቤት ሊደርስ ይችላልና።

ታዳጊው ይሰማብኛል ብሎ ከፈራ ወይ አይመጣም፣ ወይ መጥቶ "ራሴን ያመኛል" ብሎ ይሄዳል። ስለ እርግዝና መከላከያ፣ ስለ አባላዘር በሽታ፣ ስለ ሱስ ወይም ስለ ድብርት ሳይነሳ ይቀራል።

ሆኖም ምስጢር ለመጠበቅ የሚሰጠው ቃል ገደብ አለው። "የምትነግሪኝ ሁሉ በመካከላችን ይቀራል" ብሎ መጀመር ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ባለሙያው ሊጠብቀው የማይችለውን ቃል ሰጥቷል። ገደቡ መነገር ያለበት ከጥያቄዎቹ በፊት ነው፤ ቢቻል ወላጅም ባለበት፦ "መጀመሪያ አብረን እንነጋገራለን፤ ቀጥሎ ልጅዎን ለብቻዋ አነጋግራለሁ። በዚህ ዕድሜ ላሉት ሁሉ የምናደርገው ነው።" "ሁሉ" የምትለው ቃል ወላጁ እንዳይጠረጥር ትረዳለች። ለብቻቸው ሲሆኑ ደግሞ፦ "ያለ ፈቃድሽ ለማንም አልናገርም። ራስሽን ለመጉዳት ካሰብሽ፣ ሌላ ሰው አደጋ ላይ ከሆነ፣ ወይም አንቺን የሚጎዳሽ ሰው ካለ ግን ሌሎች ሰዎችን ማሳተፍ ይኖርብኛል።" ከዚያ "እንዴት ተረዳሽው?" ብሎ በራሷ አነጋገር ማስደገም ያስፈልጋል። ራስ መነቅነቅ መረዳት አይደለም።

ምስጢር በባለሙያው አፍ ብቻ ሳይሆን በአሠራር ክፍተትም ይወጣል። ካርድ ላይ የተመዘገበው ስልክ የእናት ነው፤ የላብራቶሪ ውጤት ለማሳወቅ የተደወለው ለእሷ ይሆናል። የጤና መድን ዝርዝር ሒሳብ የሚደርሰው በአባት ስም ነው። ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ ሰው በተሰለፈበት "ለምንድን ነው የመጣሽው?" ይላል። ታላቅ ወንድም ያስተረጉማል። መድኃኒቱ ከነማሸጊያው ቦርሳ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ሲመዘገቡ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ በየትኛው ስልክ እንደውል? መልእክት ብንልክ ማን ያየዋል? ክፍያው በማን በኩል ነው? መልሱ ካርዱ ላይ ይጻፋል። መልእክት ከተላከም የክፍሉ ስም አይጠቀስበትም፤ ቀኑና ሰዓቱ ይበቃሉ።

ፈቃድና ምስጢርም ይለያያሉ። ለሕክምናው የፈረመው ወላጅ ቢሆንም፣ ልጁ ለብቻው የተናገረው ሁሉ ለፈራሚው ይነገር ማለት አይደለም። ታዳጊ ብቻውን ሊፈቅድ የሚችልበት ዕድሜና በሕግ የግድ ሪፖርት የሚደረገው ጉዳይ ከአገር አገር ይለያያል፤ ባለሙያው ሁለቱን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ምስጢሩ መነገር ግድ ሲሆን በመጀመሪያ የሚያውቀው ታዳጊው ራሱ ነው፦ ለማን፣ ምን ያህል፣ ለምን እንደሚነገር። "አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ወይስ አብረን እንንገራቸው?" የሚል ምርጫ ይሰጣል። የሚነገረው ለደህንነት የሚያስፈልገው ብቻ ነው፤ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ የሚነገረው ወላጅ ስለ ፍቅር ጓደኛ መስማት የለበትም። ጥቃት አድራሹ የቤት ሰው ሊሆን ስለሚችል ለተጠረጠረው ሰው ፈጽሞ አይነገርም። ራሱን ሊያጠፋ የሚችል ልጅ ደግሞ ኃላፊነት ለሚወስድ ሰው እስኪሰጥ ድረስ ብቻውን አይተውም። የተነገረው፣ ምክንያቱና ቀኑ ይመዘገባል።

ወላጅ ደውሎ "ምን አለችህ?" ሲል መዋሸትም መቆጣትም አያስፈልግም፤ ግን ደዋዩ ማን እንደሆነ በስልክ ስለማይረጋገጥ ልጅቷ መጥታ እንደነበር እንኳ አይነገረውም። በአካል ከመጣ "ከእሷ ቢሰሙት ይሻላል፤ ከፈለገች ሦስታችን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን" ማለት ይቻላል።