የማዋጫ ልክ ምንድን ነው? የደለል ወርቅን በግራም ማስላት

ገበቴው ሥር ሁለት ሦስት ቢጫ ፍሬዎች ብልጭ ሲሉ ልብ ትርክክ ይላል። ወርቅ አለ! ግን "ወርቅ አለ" እና "ያዋጣል" ለየቅል ናቸው። ሰው ጥሪቱን አሟጥጦ ባዶ እጁን የሚቀረው ሁለቱን ሲያምታታ ነው።

የማዕድን ሰዎች በሁለቱ መሃል ያለውን ድንበር ከት ኦፍ ግሬድ ይሉታል። እኔ እዚህ የማዋጫ ልክ እለዋለሁ። አንድ ሜትር ኩብ ጠጠር ወጪውን ለመቻል ቢያንስ ስንት ግራም ወርቅ መያዝ አለበት? መልሱ የማዋጫ ልክ ነው። ከዚያ በታች የሆነ ጠጠር፣ ወርቅ ቢኖረውም ለእናንተ ተራ ጠጠር ነው።

ልኩ ለሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ደለል ወርቅ ውሃ ከአለት ሸርሽሮ ያመጣው ወርቅ ነው። ንጹሕ ወርቅ በእኩል መጠን ሲለካ ከውሃ 19 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ተራ አሸዋ ግን ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወርቁ እየሰመጠ ታች አለቱ ላይና ስንጥቁ ውስጥ ይከማቻል። እዚያ ለመድረስ ምንም የማይከፍል አፈር መግፈፍ የግድ ነው። ትልቁን ወጪ የሚበላው ብዙ ጊዜ ይህ ባዶ አፈር ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹን ለማሳያ ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው። ወጪውንም በወርቅ ግራም እቆጥረዋለሁ፤ የወርቅ ዋጋ ሲወርድ ያው ነዳጅ ብዙ ግራም እንደሚበላ ቶሎ ይታያል።

1 ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር አለን። በሜትር ኩብ 0.5 ግራም ወርቅ ይዟል። ከላዩ 4 ሜትር አፈር ተጭኖታል። ማጠቢያው ከወርቁ 70 በመቶውን ቢይዝ 0.35 ግራም እጃችን ይገባል። ይህም ንጹሕ አይደለም፤ የተፈጥሮ ወርቅ ከብር ማዕድን ጋር የተቀላቀለ ነው። 85 በመቶ ንጹሕ ነው ብንል የሚከፈለን ለ0.30 ግራም ገደማ ነው። ከ0.5 ተነስተን እዚህ ደረስን።

አሁን ወጪው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ለመግፈፍ 0.03 ግራም ብንል፣ ለአራቱ 0.12 ይሆናል። ጠጠሩን ቆፍሮ ለማጠብ ሌላ 0.12። ጉድጓዱን መልሶ ለመድፈንና ለመንግሥት ክፍያ 0.03። ድምሩ 0.27 ነው። የሚተርፈን 0.03 ግራም ብቻ ነው። እዚህ ቦታ የማዋጫ ልኩ 0.45 ግራም አካባቢ ነው ማለት ነው። አፈሩ 5 ሜትር ቢሆን ግን ልኩ ከ0.5 በላይ ይወጣል። ጠጠሩ ያው፣ ወርቁም ያው፣ ሥራው ግን ከሰረ።

እንግዲህ ያቺን 0.5 ማን ነገረን? እኔን ሁሌም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ስፋቷ 2 ሚሊሜትር የሆነች አንዲት ድቡልቡል የወርቅ ፍሬ 0.08 ግራም ገደማ ትመዝናለች። 10 ሊትር በሚይዝ ገበቴ ውስጥ ድንገት ብትገኝ፣ በሜትር ኩብ ሲሰላ 8 ግራም ሆና ቁጭ ትላለች! አንድ ገበቴ ይዞ ማሽን መከራየት ቁማር ነው። ብዙ ጉድጓድ በእኩል ርቀት እስከ አለቱ ድረስ ቆፍሩ። ከየጉድጓዱ የወጣውን ጠጠር፣ ያማረውን ሳትመርጡ፣ ሁሉንም ለክታችሁ እጠቡ። ባዶ የወጣውም ጉድጓድ አማካዩ ውስጥ ይግባ። ከባድ ስለሆነ ከወርቅ ጋር አብሮ የሚከማቸውን ጥቁር አሸዋ ስላያችሁ ብቻም አትደሰቱ፤ ወርቅ የሌለው ጥቁር አሸዋ ሞልቷል።

ደግሞ የተቆፈረ ጠጠር ያብጣል። መሬት ውስጥ 1 ሜትር ኩብ የነበረው ሲወጣ 1.25 ሊሆን ይችላል። ናሙናውን በተቆፈረው፣ ወጪውን በመሬቱ ከለካችሁ ሒሳቡ ይዛባል።

ከማጠቢያው የሚያመልጠውን ወርቅ ለማወቅ ደግሞ የተጣለውን አሸዋ መልሳችሁ እጠቡት። እንደ ዱቄት የላመ ወርቅ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ጭቃም ካለ እየተድቦለቦለ ወርቁን ለጥፎ ይወስዳል። በሜርኩሪ ልያዘው የሚል ካለ እባካችሁ ተዉት። ትነቱ ነርቭና ኩላሊት ይጎዳል፣ ወንዝ ከገባ ደግሞ ዓሣው ውስጥ ይከማቻል። ያንን ጉዳት በግራም የሚያሰላው የለም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ትርፉ እውነት 0.03 ግራም ሆነ እንበል። ማሽኑ የተገዛው በ600 ግራም ወርቅ ዋጋ ከሆነ፣ ዕዳውን ለመመለስ 20,000 ሜትር ኩብ ጠጠር መታጠብ አለበት። በ1 ሜትር ውፍረት 2 ሄክታር ማለት ነው። ቦታው 1 ሄክታር ብቻ ከሆነ፣ የዕዳው ግማሽ እንደተከፈለ ጠጠሩ ያልቃል።